የአንድ ሌሊት እንግዳ፦ በእበት ላይ የሚበቅለው እንጉዳይ

በዝናብ ወራት ማለዳ ተነስቶ ከብቶች ወዳደሩበት በረት፣ ወይም ፈረስና በቅሎ ወደሚታሰሩበት ሥፍራ ጎራ ያለ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ትናንት ማታ ምንም ያልነበረበት የፋንድያ ክምር ዛሬ ጠዋት ቀጫጭን ነጫጭ እግር ባላቸው፣ ቆብ በደፉ ትንንሽ እንጉዳዮች ተሞልቶ ይገኛል። ያው ሰው ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ቢመለከት ደግሞ ከብዙዎቹ ቆቦች የቀረው ጥቁር ጠብታ ብቻ ይሆናል። የአገራችን ሰው ይህንንና ይህን መሰሉን ሁሉ በጅምላ «የጅብ ጥላ» ብሎ ያልፈዋል። ልጆች በእግራቸው ይመቱታል። እናቶችም «ተው፣ አትንካ፣ ቆሻሻ ነው!» ይላሉ።

ለመሆኑ ይህ የአንድ ሌሊት እንግዳ ከየት መጣ? ማን ዘራው? ሌላ ሥፍራ ሁሉ እያለ ለምን እበትን መረጠ? በዚህ ጽሑፋችን እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመለከታለን። ሰው ፊቱን ባዞረበት ሥፍራ ምን ያህል የተስተካከለ ሥራ እንደሚሠራ እናያለን፤ ከዚያም ይህን ማወቁ ለቤታችንና ለልጆቻችን የሚሰጠውን ጥቅም እናነሳለን።

ስሙና መልኩ

በእበት ላይ የሚበቅሉ እንጉዳዮች ዓይነታቸው ብዙ ነው። ከእነርሱ መካከል በስፋት የተጠናው በሳይንስ ስሙ «ኮፕሪኖፕሲስ ሲነሪያ» ይባላል። ስሙ ረዥም ቢመስልም ትርጉሙ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ቃል «ኮፕሮስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን እበት ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በላቲን ዐመድ የመሰለ ማለት ነው። ስለዚህ እኛም ከዚህ በኋላ «ዐመድማው እንጉዳይ» እያልን እንጠራዋለን። ቀድሞ «ኮፕሪነስ» በሚባል ሰፊ ወገን ውስጥ ይመደብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪዎች የዘር ውርስ ምርመራን መሠረት አድርገው ያንን ወገን ለአራት ሲከፍሉት አሁን የያዘውን ስም አገኘ።

ዐመድማው እንጉዳይ ብቅ ሲል እንቁላል ይመስላል። በላዩም ጥጥ የተበተነበት የሚመስል ነጭ ሽፋን አለው። ከዚያም እግሩ በፍጥነት ይመዘዛል፤ ቆቡም እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። የእግሩ ታችኛው ጫፍ እንደ ሥር ሆኖ ወደ ፋንድያው ጠልቆ ይገባል። የፈረስ ፋንድያ በተለይ ይስማማዋል። በሌሎች ሣር በል እንስሳት እበትና በበሰበሰ ጭድ ላይም ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። እንጉዳይ ተክል አይደለም። አረንጓዴ ቅጠል ስለሌለው እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን ማዘጋጀት አይችልም። ወገኑ ከሻጋታና ከእርሾ ጋር ነው፤ ይኸውም ፈንገስ የሚባለው ነው። በዓይናችን የምናየው ቆብና እግር ፍሬው ብቻ ሲሆን ዋናው አካሉ በእበቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነጭ ክር ነው። ይህ ክር ኢንዛይም የሚባሉ ፈጪ ንጥረ ነገሮችን ወደ ውጭ ያመነጫል። በዙሪያው ያለው እበት ሲሟሟለትም ይመጠዋል። እኛ ምግብን በልተን ሆዳችን ውስጥ እንፈጫለን፤ እርሱ ግን መጀመሪያ ይፈጫል፣ ከዚያም ይበላል።

ጉዞው የሚጀምረው ከሣሩ ነው

እንጉዳይ የሚራባው ስፖር በሚባል፣ ከዱቄት በደቀቀ ዘር ነው። አንዱ ስፖር ለብቻው በዓይን አይታይም። ይህ ዘር በነፋስ ተወስዶ በግጦሽ ሣር ላይ ያርፋል። ላም ወይም ፈረስ ሣሩን ስትግጥ ዘሩም አብሮ ይዋጣል። የእንስሳው ሆድ ሙቀትና አሲድ ብዙውን ነገር የሚያጠፋ ነው። በእበት ላይ ለሚበቅሉ ለብዙዎቹ ፈንገሶች ግን ያው ሙቀትና አሲድ ከእንቅልፍ መቀስቀሻ ይሆናቸዋል። ዘሩ በጠንካራ ቅርፊቱ ተጠብቆ ያልፋል፤ ከእበቱ ጋርም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ እበቱ መሬት ሲነካ ገበሬዎቹ በውስጡ ናቸው ማለት ነው።

እንስሳ የበላውን ሁሉ አይፈጭም። በእበት ውስጥ ያልተፈጨ የሣር ጭረት፣ ናይትሮጅን ያለባቸው ንጥረ ነገሮችና ብዙ እርጥበት ይቀራል። ለሰው ዓይን ትራፊ የሆነው ለእነዚህ ፍጥረታት የተሰናዳ ማዕድ ነው።

ነገር ግን አንድ ችግር አለ። ከብት ራሱ በጣለው እበት ዙሪያ የበቀለውን ሣር አይግጥም፤ ይህንን እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ዘሩ እዚያው እበቱ ሥር ቢራገፍ ማንም አይበላውም፤ ጉዞውም እዚያው ያበቃል። እንደምንም ብሎ ርቆ መሄድ አለበት። ይህ ችግር ለተለያዩ ፈንገሶች በተለያየ መንገድ ተፈትቷል።

በእበት ላይ ከሚበቅሉት መካከል «ፒሎቦለስ» የሚባል ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ የሚረዝም ፈንገስ አለ። የስሙ ትርጉም «ቆብ ወርዋሪ» ማለት ነው። በቀጭን እግሩ ጫፍ ላይ ውኃ የሞላበት፣ እንደ መስተዋት የጠራ ፊኛ ይዟል፤ በፊኛው አናት ላይም ዘሮቹ የታጨቁበት ጥቁር ከረጢት ተቀምጧል። ፊኛው ብርሃንን እንደ መነጽር ሰብስቦ እግሩን ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ያዞረዋል። በውስጡ ያለው የውኃ ግፊት ከመኪና ጎማ የአየር ግፊት ይበልጣል። ፊኛው ሲፈነዳ ጥቁሩ ከረጢት ሁለት ሜትር ያህል ይወረወራል። ከእበቱ ርቆ ንጹሕ ሣር ላይም ይለጠፋል። ሱብሃነላህ! ከጥፍር የማይበልጥ ነገር ዒላማውን ከብርሃን ለይቶ ይተኩሳል።

ይህ ፈንገስ ሳይፈልግ የሚሸከመው መንገደኛም አለ። በከብቶች ሳንባ ውስጥ የሚኖር አንድ ዓይነት ትል ከእበት ጋር የወጡ እጮቹ በፒሎቦለስ እግር ላይ ይወጣሉ፤ ከረጢቱ ሲወረወርም አብረው ይወረወራሉ። በዚህ መንገድ ንጹሕ ሣር ላይ ደርሰው ሌላ ከብት ይይዛሉ። የእንስሳት ሐኪሞች ይህን ትንሽ ፈንገስ በቁም ነገር የሚያጠኑት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ተራ የጠበቁ ሠራተኞች

አንድ የእበት ክምር ለሳምንታት ቢጠበቅ በላዩ የሚወጡት ፍሬዎች ይለዋወጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፒሎቦለስና መሰሎቹ ይታያሉ። ቀጥለው ሳህን የሚመስሉ ጥቃቅን ፈንገሶች ይመጣሉ። ዐመድማው እንጉዳይና ዘመዶቹ ወደ መጨረሻው ብቅ ይላሉ። ሥራቸውን የሚጀምሩት በተቀራራቢ ጊዜ ቢሆንም ለማፍራት የሚወስድባቸው ጊዜ ይለያያል። የሚወዱት ምግብም እንደዚሁ ነው። የፊተኞቹ በቀላሉ የሚሟሟውን ስኳር ይወስዳሉ። የኋለኞቹ ደግሞ ጠንካራውን የሣር አካል ይሰባብራሉ።

ይህ ሁሉ በሰላም ብቻ የሚከናወን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከዐመድማው እንጉዳይ ዘመዶች አንዱ ክሩ የሌላውን ፈንገስ ክር በነካ ጊዜ የተነካው ክር ይሞታል። አንዲት የጥንቸል በጠጥ እንኳ የምታህል ትንሽ ሥፍራ የጦር ሜዳ ትሆናለች። ይህንን የትግል ችሎታቸውን ልብ እንበል። ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ራሱን ወደ ቀለም የሚለውጥ ቆብ

ዐመድማው እንጉዳይ እንደ ፒሎቦለስ አይተኩስም። የእርሱ ብልኃት ሌላ ነው። በቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጾች ተጠጋግተው የቆሙ ስስ ሰሌዳዎች አሉት፤ ዘሮቹ የሚበስሉት በእነዚህ ገጾች ላይ ነው። ገጾቹ እጅግ ስለተጠጋጉ ሁሉም ዘር በአንድ ጊዜ ልውጣ ቢል እርስ በርሱ ይጣበቃል። ስለዚህ መብሰሉ የሚጀምረው ከታችኛው ጠርዝ ነው። የጠርዙ ዘር በስሎ ወደ አየር ይለቀቃል። ሥራውን የጨረሰው ጠርዝ ደግሞ ራሱን በራሱ አሟሙቶ ወደ ጥቁር ፈሳሽ ይለወጥና ይንጠባጠባል። ከእርሱ በላይ ላለው ተረኛ መንገዱ ይከፈትለታል። እንዲህ እያለ ከታች ወደ ላይ ቆቡ ሁሉ ያልቃል።

ይህንን በጥንቃቄ ተመልክቶ ካስረዱት ሰዎች መካከል በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በካናዳ ዊኒፔግ ከተማ ያስተማረው ሬጂናልድ ቡለር ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. ከ1874 እስከ 1944 የኖረው ይህ ምሁር ስለ ፈንገሶች በጻፋቸው ትላልቅ ጥራዞች መሟሟቱ ብስባሴ ብቻ እንዳልሆነና ለዘሩ መውጫ የሚከፍት ሥርዓት ያለው ሥራ እንደሆነ አሳይቷል። ዘሩ አየር ላይ ወጥቶ በነፋስ ከሄደ በኋላ ቆቡ ራሱን ያፈርሳል። በበረቱ ውስጥ ከሰዓት በኋላ የምናየው ጥቁር ጠብታ እንግዲህ ተልዕኮውን ፈጽሞ የተሰናበተ ሠራተኛ አሻራ ነው።

ከፋንድያ እስከ ቤተ ሙከራ

ዐመድማው እንጉዳይ በዓለም ዙሪያ ባሉ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲጠና ቆይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከዘር እስከ ዘር ያለው ሕይወቱ በሁለት ሳምንት ያህል ይጠናቀቃል። ብርሃንና ጨለማ 12፣ 12 ሰዓት እየተፈራረቁ ሲሰጡት ደግሞ በአንዱ ቆብ ውስጥ ያሉ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕዋሳት ለዘር መፈጠር የሚያበቃቸውን ክፍፍል በአንድ ጊዜ ያከናውናሉ። ይህ ክፍፍል በሰው ልጅ ውስጥ የአባትን የዘር ፍሬና የእናትን እንቁላል ከሚያስገኘው ክፍፍል ጋር በመሠረቱ አንድ ዓይነት ነው። በሰው ላይ ክፍፍሉ ሲሳሳት መካንነትን፣ ፅንስ መጨንገፍን ወይም እንደ ዳውን ሲንድረም ያለውን ሁኔታ ሊያስከትል ይችላል። ሳይንቲስቶች በሰው ላይ ሊመለከቱት የማይችሉትን ነገር ከፋንድያ በተገኘ እንጉዳይ ላይ ደረጃ በደረጃ ይከታተላሉ። የዘር ውርሱ ሙሉ ዝርዝርም እ.ኤ.አ. በ2010 በሳይንስ መጽሔት ታትሟል፤ በ13 ክሮሞዞሞች ላይ የሰፈረ ነው።

አሁን ቀደም ሲል «እንመለስበታለን» ወዳልነው ትግል እንመለስ። እበት በባክቴሪያ የተሞላ ሥፍራ ነው። እዚያ የሚኖር ፈንገስ መከላከያ ከሌለው ምግቡን ይቀማል። ከዚህ በመነሳት በስዊዘርላንድ ዙሪክ በሚገኘው የፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች ዐመድማውን እንጉዳይ ከተለያዩ ባክቴሪያዎች ጋር አብረው አሳደጉት። አንዳንዶቹን ባክቴሪያዎች እንደሚገድል አዩ። የሚገድልበትን ንጥረ ነገር ለይተው በማውጣትም «ኮፕሲን» ብለው ሰየሙት። ግኝታቸውንም እ.ኤ.አ. በ2014 አሳተሙ። ኮፕሲን ትንሽ ፕሮቲን ነው። ሲፈላ እንኳ በቀላሉ አይበላሽም። ሰውን በምግብ በኩል የሚያጠቃውን «ሊስቴሪያ» የተባለ ባክቴሪያ ለመግደልም ችሏል።

ይህ ግኝት ለምን ያስፈልገናል? ብዙ ባክቴሪያዎች የተለመዱትን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች እየለመዱ መጥተዋል። ቀድሞ በጥቂት ኪኒን ይድን የነበረ ቁስል ወይም የሳንባ ምች ዛሬ በአንዳንድ ሆስፒታሎች ሐኪሞችን የሚያስጨንቅ ሆኗል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘው ከሻጋታ ነበር። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ከሚታይ ውጤት እስከ ሕመምተኛ አልጋ ያለው መንገድ ረዥም ነው። ቢሆንም ነገ ልጆቻችንን የሚያድነው መድኃኒት ዛሬ ከምንረግጠው ፋንድያ ሊወጣ እንደሚችል መገመት ከንቱ ሕልም አይደለም።

ከፋንድያ እስከ ማዕድ

አንዳንድ አንባቢ «እኛስ ከእበት የበቀለ እንጉዳይ በልተን አናውቅም» ይል ይሆናል። በከተማ ሱቆች በጣሳ የሚሸጠውና በሆቴሎች በፒዛ ላይ የሚነሰነሰው ነጩ እንጉዳይ ግን ከጥንት ጀምሮ የሚለማው በፈረስ ፋንድያ ነው። ፈረንሣዊው የዕፀዋት ሊቅ ቱርንፎር እ.ኤ.አ. በ1707 በፓሪስ አካባቢ ያለውን አሠራር ጽፎታል። ዛሬም ጭድ ከፋንድያ ወይም ከዶሮ ኩስ ጋር ተደባልቆ እንዲብላላ ይደረጋል። ከዚያም በሙቀት ከጎጂ ተሕዋስያን ይጸዳና የእንጉዳዩ ዘር ይገባበታል። በዚህ መደብ ላይ ዐመድማው እንጉዳይ ሳይጠራ ብቅ ካለ ለአልሚዎቹ ምልክት ይሰጣቸዋል፤ ይኸውም ብስባሹ ገና አሞኒያ እንዳለበትና በደንብ እንዳልተብላላ ነው።

እዚህ ላይ የጦሃራ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ሥጋቸው የሚበላ እንስሳት እበት ነጃሳ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ነጥብ ዑለማዎች ተለያይተዋል። የማሊኪና የሐንበሊ መዝሀቦች ንጹሕ ነው ሲሉ የሻፊዒይ መዝሀብ ነጃሳ ነው ይላል። ነጃሳ ነው ያሉት የሻፊዒይ ዑለማዎችም ቢሆኑ በላዩ የበቀለው ተክል በራሱ ነጃሳ አለመሆኑን፣ እበቱ የነካው ክፍል ሲታጠብ እንደሚጠራ ገልጸዋል። በእበት በዳበረ ጓሮ የበቀለ ጎመንና ድንች በየቤታችን የሚበላው በዚሁ መሠረት ነው። ዝርዝሩን የሚሻ አንባቢ በአካባቢው ያሉትን ዑለማዎች ቢጠይቅ መልካም ነው።

አስካሪውና የአስካሪ ጠላት

ከእበት የሚበቅል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በሞቃት አገሮች በከብት እበት ላይ ከሚበቅሉት መካከል አእምሮን የሚያናውጥ ንጥረ ነገር ያለባቸው ይገኛሉ። ከእነርሱ ውስጥ በጣም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1906 በኩባ ከተገኘ ናሙና ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የተገለጸ ነው። በውስጡ ያለውን «ሲሎሲቢን» የተባለ ንጥረ ነገር የስዊስ ኬሚስት አልበርት ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1958 ከሌላ ዘመዱ ለይቶ አወጣው። የበላው ሰው የሌለውን ነገር ያያል፤ ጊዜና ቦታ ይደበላለቁበታል፤ አንዳንዱንም ከባድ ፍርሃትና ድንጋጤ ይይዘዋል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ስምምነት በጥብቅ ቁጥጥር ሥር አውሎታል። ዛሬ በሆስፒታሎች ውስጥ በሐኪሞች ክትትል ለከባድ ድብርት ሊጠቅም ይችል እንደሆነ ይመረመራል። ይህ ግን ወጣቶች ከጓደኛ ተቀብለው ወይም በውጭ አገር ከመንገድ ገዝተው ከሚሞክሩት ጋር ምንም አይገናኝም። አእምሮን መጠበቅ ከሸሪዓው ታላላቅ ዓላማዎች አንዱ ነው። አስካሪነቱም ከጠርሙስ ስላልተቀዳ ወይም «ተፈጥሮአዊ ነው» ስለተባለ አይለወጥም። በስደት አገር ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆቻችን ይህንን ቀድመው ቢነግሯቸው ይሻላል።

በአንጻሩ ከዐመድማው እንጉዳይ የቅርብ ዘመዶች አንዱ ከአስካሪ መጠጥ ጋር ፈጽሞ አይስማማም። ይኸኛው የሚበቅለው በተቀበረ እንጨትና በጉቶ አጠገብ ነው። በአውሮፓ አንዳንድ ሰዎች አብስለው ይመገቡታል። ይሁንና የበላው ሰው በዚያው ዕለት ወይም በሚቀጥሉት ቀናት አልኮል ከቀመሰ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ያስመልሰዋል። ምክንያቱ «ኮፕሪን» የተባለ ንጥረ ነገር መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1975 ታውቋል። ኮፕሪን ሰውነት አልኮልን የሚያስወግድበትን መንገድ በግማሽ ላይ ይዘጋዋል። ከመጠጥ ሱስ መላቀቅ ለሚፈልጉ ሰዎች ሐኪሞች የሚያዙት አንድ የታወቀ መድኃኒትም የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው።

ለቤተሰብ የሚተርፈው

ከዚህ ሁሉ ሁለት ቁም ነገሮችን ይዘን እንሂድ።

አንደኛው ልጆቻችንን ይመለከታል። ልጆች የጅብ ጥላን ቢመለከቱት፣ ጎንበስ ብለው ቢመረምሩት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሲለወጥ ቢከታተሉት ትልቅ ትምህርት ነው። መቅመስ ግን በፍጹም አይገባም። በብር ማንኪያ መሞከር፣ ማፍላት፣ «ጦጣ ከበላው ለሰውም ደኅና ነው» ማለት መርዛማውን ከመልካሙ አይለይም። አደገኛ ከሆኑት መርዞች አንዳንዶቹ ምልክታቸውን የሚያሳዩት 6 ሰዓታትና ከዚያም በላይ ካለፉ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ጉበት መጎዳት ጀምሯል። ልጅ ያልታወቀ እንጉዳይ ከበላ ሕመም እስኪጀምረው ሳይጠበቅ፣ የተረፈውን ቁራጭ ይዞ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ያስፈልጋል። እበት የነካ እጅም ምግብ ከመንካቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ።

ሁለተኛው መሬታችንን ይመለከታል። ከላይ ያየናቸው ሠራተኞች እበትን ሰባብረው ወደ አፈር የሚመልሱት እበቱ ማሳ ላይ ሲቀር ነው። በደጋው የአገራችን ክፍል እንጨት በመመናመኑ ምክንያት እበቱ ተጠፍጥፎ፣ ኩበት ሆኖ ይነዳል። የድሃ እናት እሳት ከማንደድ ሌላ ምን አማራጭ አላት? ማንም ሊወቅሳት አይገባም። ይሁንና ምድጃ ውስጥ የገባው ኩበት ናይትሮጅኑ በጭስ ይጠፋል፤ ማሳው ይራባል፤ በሚቀጥለው ዓመት ምርቱ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም አንዱ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። እበቱ በጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ ለማብሰያ የሚሆን ጋዝ ይሰጣል። የተረፈው ዝቃጭ ደግሞ ማዳበሪያ ሆኖ ወደ ማሳ ይመለሳል። ያ የማይመች ከሆነም ከበረቱ ጥራጊ ከፊሉን እንኳ ከጭድና ከቅጠል ጋር በጉድጓድ ማብላላት ይቻላል። ከገጠር ዘመዶቻቸው ጋር የሚገናኙ የከተማ ወጣቶች በዚህ በኩል በሐሳብም በጉልበትም ሊረዱ ይችላሉ።

አላህ (ሱ.ወ) ምንም ነገር በከንቱ አልፈጠረም። በአንድ ሌሊት በቅሎ በማግሥቱ ቀለም ሆኖ የሚያልፈው እንጉዳይ ዘሩን አድርሶ፣ እበቱን ለአፈር አዘጋጅቶ ይሄዳል። ለእኛ የተሰጠን ዕድሜ ከእርሱ የረዘመ ነው። ዓይናችንን ከፍተን የምናይ፣ ያየነውንም ለበጎ የምናውል ያድርገን። አሚን።